አባባ፣ ባሌና ሁለቱ መኪኖች

ባሌ መነጽር ሠሪ ነው። ቀኑን ሙሉ ሰው ፊት ቆሞ ሌንስ እየቀያየረ «ይኼኛው ይሻላል ወይስ ይኼኛው?» ሲል ስለሚውል፣ የሰፈሩ ሰው ስሙን ትቶ «ይኼኛው» እያለ ይጠራዋል። ሰውን ሲያስመርጥ የሚውል ሰው ለራሱ መምረጥ ሲመጣ ግን ዓይኑ አዋጅ ይሆንበታል። ሸሚዝ ልንገዛ ገብተን ባለሱቁ መብራት እያጠፋ ያስወጣን ቀን አለ፤ ያውም ሸሚዙን ሳንገዛ። ስለዚህ አንድ ቀን ቁርስ ላይ መኪና እንግዛ ሲለኝ፣ ከደስታው ይልቅ ቀድሞ የታየኝ ድካሙ ነው።

ይሁን እንጂ የማወራው ስለ እሱ አይደለም፤ ስለ አባቱ ነው። እኔ አባባ ነው የምላቸው። አባባ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የከተማ አውቶቡስ ነድተዋል፤ ያውም አንድ መስመር ብቻ፣ ከገበያው እስከ ሆስፒታሉ በር። ሌላ መስመር ሲመድቧቸው «ወገቤን» ብለው ይተኛሉ፤ ወደ መስመራቸው ሲመልሷቸው ወገባቸው ይድናል። ሽማግሌ ቆሞ ከሆነ አውቶቡሱ ንቅንቅ አይልም። ከወጣቶቹ አንዱ ከመቀመጫው እስኪነሳ ድረስ ሞተር አጥፍተው ጋዜጣቸውን ይዘረጋሉ። ቲኬት ቆራጮቹ ያማርሩባቸው ነበር፣ አለቆቻቸውም ከአንዴም ሁለቴ አስጠንቅቀዋቸዋል፤ እሳቸው ግን ጆሮ ዳባ ልበስ።

የባሌ እናት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የተዋወቋቸው በዚያው አውቶቡስ ነው። ቤቷ መስመሩ መሃል ላይ ሆኖ ሳለ ልጅቷ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄዳ ትመለስ ነበር አሉ። አባባ ነገሩ የገባቸው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። «እንቅልፍ ወስዷት መውረጃዋ የሚያልፋት መስሎኝ፣ ቲኬት ቆራጩን ቀስቅሳት እለው ነበር» እያሉ በራሳቸው ይስቃሉ።

ጡረታ ሲወጡ አንዲት አሮጌ መኪና ገዝተው የሰፈሩ ሾፌር ሆኑ። ታማሚው፣ ሙሽራው፣ የተበላሸው ፍሪጅ፣ ሁሉም የሚሄደው በሳቸው ነው። የመጀመሪያ ልጄን ልወልድ ምጥ ሲይዘኝ ሆስፒታል ያደረሱኝም እሳቸው ናቸው። ያን ሁሉ ጩኸቴን ከምንም ሳይቆጥሩ፣ ፍሬቻ ሳያሳዩ አንድም ጥምዝ አልዞሩም።

ከዚያ ዓይናቸው ታመመ። ግላኮማ የሚሉት፣ ከዳር ከዳር እያጨለመ ወደ መሃል የሚመጣ በሽታ ነው። አባባ ለማንም ሳይናገሩ በልምድ ይነዱ ነበር፤ የግቢው በር የጎን መስታወታቸውን ሲገነጥለው እንኳ ጥፋቱን የጣሉት በሩ ላይ ነው። ባሌ ሱቁ ወስዶ አገጫቸውን መሣሪያው ላይ አስደግፎ አየ። ደግሞ አየ። ከዚያም ነጭ ጋዎኑን እንደለበሰ፣ ልክ ለማያውቀው ሰው እንደሚናገር፣ «አባዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ አትነዳም» ብሎ እጁን ዘረጋ። አባባ ቁልፉን አውጥተው እጁ ላይ ሳይሆን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና በእግራቸው ወደ ቤት ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ ሆድና ጀርባ ሆኑ። መጣላትስ አልተጣሉም፤ ደህና አደርክ፣ ደህና እደር ይባባላሉ። ግን አባባ ልጃቸው የሚነዳው መኪና ውስጥ አልገባም አሉ። የሌላም ሰው መኪና ውስጥ አልገባም አሉ። አሮጌዋ መኪና ተሸጠች። የሐኪም ቀጠሮ ሲኖራቸው እኔ ክንዳቸውን ይዤ በእግር እንሄዳለን፤ ከዚያ ውጪ የትም የለም። ቀን ቀን ግቢ ውስጥ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ይቀመጣሉ። ምግብ ቀነሱ፣ ሰው መተረብም ተዉ፤ ጎረቤት እንዴት ዋሉ ሲላቸው መልሳቸው «አለን» ብቻ ሆነ። እኔ ፈራሁ። እንዲሁ እንደተቀመጡ ያልቃሉ ብዬ ፈራሁ፤ ያ ቢሆን ደግሞ ባሌ ዕድሜ ልኩን ራሱን ይቅር እንደማይል አውቃለሁ።

እሱም ፈርቷል፤ የመኪናውን ነገር ያመጣው ለዚሁ ነው። አባቱ ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያመላልስ ኖሯል፣ አሁን ደግሞ እሱ እንደ ጌታ ይቀመጥ ነው የሚለው። ጥሩ መኪና ከመጣ እምቢ እንደማይሉ እርግጠኛ ነበር።

የምግብ ጠረጴዛችን ላይ የሁለት መኪና ሥዕል ተዘርግቶ ከረመ። ሁለቱም ከመሬት ከፍ ከፍ ያሉ፣ ኤስዩቪ የሚባሉት ናቸው፤ ልዩነታቸው ግን የሰማይና የምድር ነው። አንዷ ቅንጡ ናት፣ ቁመናዋም ደልደል ያለ፤ እኔ «እመቤቲቱ» አልኳት። ወንበሯ ቆዳ ነው፤ ይሞቃል፣ ይቀዘቅዛል፣ ጀርባም ያሻል። ጣሪያዋ መስታወት ነው፣ ስክሪኗም ከሳሎናችን ቴሌቪዥን አይተናነስም። ሌላዋ ጠቅጠቅ ያለች፣ በየመንገዱ የምናያት፣ ወንበሯ ጨርቅ፣ መለዋወጫዋ በየሱቁ የሚገኝ ናት፤ እሷን «ትንሿ» አልናት። በእመቤቲቱ ዋጋ ትንሿን ገዝቶ ሌላ እንደሷ ያለች ለመጨመር የሚሆን ይተርፋል።

እኔ ከትንሿ ወገን ነበርኩ፤ ምክንያቴም የግቢያችን በር ነው። እመቤቲቱ በዚያ በር ከገባች ጎኗ ተልጦ ነው። ባሌ ግን ልቡን የወሰደችው በዝምታዋ ነው። በሩ ሲዘጋ የውጭ ድምፅ የለም፣ መንገዱ ጉድጓድ ይሁን አስፋልት አይታወቅም እያለ ያወራልኛል። ዓይናቸው ለደከመ ሰው የመስታወት ጣሪያ ምን እንደሚፈይድ ብጠይቀውም ሥዕሉን ከጠረጴዛው አላነሳም። ልከራከረው አልፈለግኩም። ሰውየው መኪና እየመረጠ አልነበረም፤ ይቅርታ የሚጠይቅበት ነገር እየፈለገ ነበር።

የቀረው አባባን እንዴት እናምጣቸው ነው። እሱን ለኔ ተወው አልኩት። አንድ ጠዋት የዓይን ጠብታቸውን እያደረግኩላቸው፣ ልጅዎ እንደሚያውቁት መምረጥ አይችልም፣ ሻጮቹ ይጫወቱበታል፣ እባክዎ ይምጡና ሞተሩን ያዳምጡልኝ አልኳቸው። ጠብታው በጉንጫቸው ሲወርድ ጠረጉት። «ለማዳመጥ ብቻ ከሆነ እሺ» አሉ።

መሸጫው ከቤታችን ሩቅ አልነበረም፣ በእግር ሄድን። ወለሉ ከመጽዳቱ የተነሳ አባባ እርጥብ መስሏቸው ጫማቸውን በር ላይ ጠረጉ። የተቀበለችን ሻጭ አንደበተ ቀና ሴት ነበረች፤ ሁለቱንም መኪኖች ለሙከራ አዘጋጅታ ጠበቀችን። አባባ የእመቤቲቱን ጎማ ዳሰሱ፣ በሯን ከፍተው ዘጉ። ስትዘጋ ድምጿ እምብዛም አልተሰማም፤ ደስ አላቸው። ሞተር ለማዳመጥ መቀመጥ ያስፈልጋል ብዬ ጋቢና አስገባኋቸው። ባሌ መሪውን ያዘ፣ እኔና ሻጯ ከኋላ ተቀመጥን።

«በል አስነሳዋ» አሉ አባባ።

«ተነስታለች እኮ፣ አባዬ» አለ ባሌ፣ በኩራት።

መጀመሪያ ላይ ጥሩ ነበር። ወንበሩ ጀርባቸውን ማሸት ሲጀምር «ይቺ ደግሞ ባለጌ ናት» ብለው ሻጯን አሳቋት። ባሌ በመስታወቱ ወደ እኔ እያየ ፈገግ ይላል። ትንሽ እንደሄድን ግን አባባ የበሩን እጀታ ጨብጠው አየሁ። ቆመናል ወይ ብለው ጠየቁ፤ እየሄድን ነበር። የት ጋ እንዳለን ጠየቁ፤ ባሌ ነገራቸው። ጥቂት ቆይተው ያንኑ መልሰው ጠየቁ። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ። ከዚያ ቀስ ብለው «አውርዱኝ» አሉ።

ባሌ ፊቱ እንደጠቆረ ወደ መሸጫው መለሰን። አባባ ተቀምጠው ውሃ ሲጠጡ እሱ ወደ ጎን ወሰደኝና ነገሩ አበቃ አለኝ። መሪውን የያዝኩት እኔ ስለሆንኩ ነው፣ እስካሁን አልማረኝም፣ የፈለግኩትን ባመጣ አይገባልኝም አለ። መነጽሩን አውልቆ ያጸዳዋል፣ መልሶ ያጸዳዋል። አንጀቴን በላው።

ያዳነችን ሻጯ ናት። አባባ አጠገብ ሄዳ፣ ትንሿን ሳይሞክሩ ከሄዱ አለቃዬ ምን አድርገሻቸው ነው ብሎ ይጠይቀኛል አለቻቸው። አባባ ደግሞ ሥራ ላይ ያለ ሰው በሳቸው ምክንያት ሲወቀስ አይወዱም። ልባቸው ባይፈልግም ተነሱ።

ትንሿ ስትነሳ ወለሏ ነዘር ነዘር አለ። አባባ እግራቸውን አመቻችተው አስቀመጡ። «ይቺስ አለች» አሉና መስኮቱን ከፈቱ።

ከመሸጫው ግቢ ስንወጣ የድንጋይ ንጣፉ መቀመጫችንን ደበደበን። ባሌ አፍሮ ይቅርታ ጠየቀ፤ አባባ አልሰሙትም። ወደ ገበያው እየሄድክ ነው አሉት። ነበር። ሐዲዱን ስናቋርጥ ጎማው ድም ድም ሲል «ሐዲዱ» አሉ፤ አስከትለውም ወፍጮ ቤቱ ጋ ጉድጓድ አለ፣ ቀኝህን ያዝ አሉ። ጉድጓዱም ነበር፤ ባሌ ቀኙን ሳይዝ ቀርቶ ሁላችንም ጣሪያ ልንነካ ምንም አልቀረን። አባባ ሳቁ። ያን ሳቅ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ!

ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማቸው። ጥምዙን በትከሻቸው፣ ዳገቱን በሞተሩ ድምፅ፣ ትምህርት ቤቱን በመስኮት በሚገባው የልጆች ጫጫታ እያወቁ የድሮ መስመራቸውን ፌርማታዎች አንድ በአንድ ጠሯቸው። አንድ ቦታ ከፍ ብለን ዝቅ ስንል ደግሞ «ድልድዩ» አሉ። ድልድዩ አልነበረም፤ አዲስ የተሠራ የፍጥነት መቀነሻ ነበር። ሻጯ ስትነግራቸው ተቀየሙ። መቼ ሠሩት፣ እንዴት ሳልሰማ አሉ፤ ማዘጋጃ ቤቱ እሳቸውን ማስፈቀድ የነበረበት ይመስል። እኔ ከኋላ ሆኜ ስቄ ስቄ እንባዬ ወረደ፤ ሁሉም የሳቅ እንባ አልነበረም።

እውነተኛው ድልድይ ሲመጣ አላለፋቸውም። ከሱ እንደተሻገርን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ወራጅ አለ!» አሉ። ዕድሜ ልካቸውን ከጀርባቸው ሲሰሙት ኖሩ እንጂ፣ እሳቸው ለሾፌር ብለውት አያውቁም። ባሌ ደንግጦ ዳር ያዘና ቆመ። አባባ ግን አልወረዱም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወደፊት አዩ፣ ወይም የሚያዩ መሰሉ።

«በዚያችኛዋ ውስጥ ፈርቼ ነው» አሉ። «ክፉ መኪና ሆና አይደለም፤ ምቾትማ ምቾት ናት። ግን ዓይኔ አያሳየኝም፣ እሷም አትነግረኝም። የት እንዳለሁ ጠፋኝ።»

«እኔ ስለነዳሁ መስሎኝ ነበር» አለ ባሌ።

«አንተማ ደህና ትነዳለህ። ፍሬን ትንሽ ታዘገያለህ እንጂ።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ያን ቀን ቁልፉን መውሰድህ ልክ ነበር። ሰው ልገጭ እችል ነበር፤ አውቀው ነበር። የተቀየምኩት በቁልፉ አይደለም፣ ልጄ። መንገዱም አብሮ የተወሰደብኝ መስሎኝ ነው።»

ባሌ እጁን ከመሪው አነሳ። ከዚያ፣ «አባዬ፣ ያን ቀን ዓይንህን ብቻ ነበር ያየሁት። አንተን አላየሁህም» አለ። አባባ በዳበሳ ክንዱን አግኝተው መታ መታ አደረጉት። ሻጯ በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀመረች፤ ጨዋ ሴት ናት።

እመቤቲቱን ለማማት አይደለም ይህን ማውራቴ። ሀብታም ብሆን በዚያ በሚያሸው ወንበሯ ላይ ከእንቅልፌ የምነሳ አይመስለኝም። ባሌም ቢሆን ለወትሮው አንድ ነገር ለመምረጥ ሰው እስኪሰለቸው የሚያመነታው፣ ያን ቀን ሳያመነታ ወደ ሻጯ ዞሮ ይቺኑ እንወስዳለን አላት። እኔ ስለ ግቢያችን በር አንድም ቃል ሳልናገር አሸነፍኩ። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ከዚያ ሞተሩን አስነሳና ወደ መሸጫው ልመልሳችሁ ወይስ ወዴት ልሂድ ብሎ አባቱን ጠየቀ። አባባ ወንበራቸው ላይ ተመቻችተው ተደገፉ።

«አንተ ንዳ» አሉት። «የት እንደደረስን እኔ እነግርሃለሁ።»