አጥር የሌለው በር

ብየዳ ቤት የገባሁበት የመጀመሪያ ቀን አለቃዬ ጋሽ ደምሴ አንድ ነገር ብቻ አዘዙኝ። "እሳቱን እንዳታይ" አሉኝ። አየሁት። ምን ላድርግ፣ አትይ የተባለ ነገር ሳይታይ ይታለፋል እንዴ! አመሻሹ ላይ ዓይኔ ውስጥ አሸዋ የተነሰነሰ ያህል ቆረቆረኝ። እናቴ ድንች ቆርጣ ዓይኔ ላይ ለጠፈችና "ነገ አትሄድም" አለች። ሄድኩ። ጋሽ ደምሴ ያበጠ ዓይኔን ሲያዩ ሳቁና "አሁን በያጅ ሆንክ" ብለው ማስኩን ሰጡኝ።

ከዚያ ወዲህ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ስንት በር እንደሠራሁ እኔም አላውቀው። የግቢ በር፣ የሱቅ በር፣ የመጋዘን በር። የደንበኛ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፤ ሌባ እንዳይገባ፣ ጎረቤት እንዳያይ፣ ከላይ ሹል ይኑረው። እኔም ላሜራውን ቆርጬ፣ ቱቦላሬውን በይጄ፣ ጫፉን እንደ ጦር አሹዬ አስረክባለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ስከለክል ኖርኩ ማለት ነው። ይህን ያሰብኩት ግን ዓይኔ ደክሞ ሐኪሙ "ብየዳ ይብቃህ" ያለኝ ጊዜ ነው። ከፋኝ። የመጨረሻ ሥራዬ ጦር ያለው በር እንዲሆን አልፈለግሁም።

መቅደስ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። ሠዓሊ ናት፤ የሰፈራችን ልጅ፣ ተምራ የተመለሰች። ወረቀት ዘረጋችልኝ።

"ጋሼ፣ የሚዞር በር ነው። አደባባዩ አጠገብ ይቆማል።"

"አጥሩስ?"

"አጥር የለውም።"

"ታዲያ ምኑን ሊዘጋ ነው?"

"ምንም አይዘጋም። ሰው እየገፋ ያልፍበታል። እሱ ሲዞር ከላይ ያሉት ምስሎች አብረው ይዞራሉ፤ ባጃጅ፣ ጋሪ፣ ተማሪ፣ ዶሮ የያዘች ሴት። ከተማን የሚያንቀሳቅሳት ሰው ነው ለማለት ነው። ሰው ካልገፋው ሥዕሉ የለም።"

"አንቺ ልጅ አብደሻል" አልኳት። በልቤ ግን ይቺን ሠርቼ ልረፍ ብያለሁ።

መሐል ምሰሶውን በጭነት መኪና ኩችኔታ ላይ አቆምኩት። ግራሶ አጠጣሁት፤ ሰው የሚገፋቸውን ክንዶች በየድኩለት። በጣት ሲነኩት ይዞር ነበር። ምስሎቹን መቅደስ ላሜራው ላይ በጠመኔ ትስላለች፣ እኔ እቆርጣለሁ። የጋሪው ፈረስ በቅሎ መስሎ ወጣ። እሷ ስትስቅብኝ እኔ "በቅሎ ነው፣ ምን አገባሽ" ብዬ ድርቅ አልኩ። ዙሪያውን ክብ ክፈፍ አቁሜ በሁለት በኩል አፍ ተውኩለት፤ እሷ በአንዱ በኩል "መግቢያ"፣ በሌላው በኩል "መውጫ" ብላ ጻፈች። መግቢያውን በአንድ ሰው ትከሻ ልክ አደረግሁት። እሷም አየችውና "ልክ ነው" አለች።

ቦታውን የፈቀደልን የማዘጋጃ ቤት ኃላፊ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ባጃጆች መቆሚያ አጥተው ይጮኹበታል። "ቅዳሜ ገበያ ሰው ከተጠቀመበት ይቆማል፤ ካልተጠቀመበት ይነሳል" አለን።

"ተነስቶስ የት ይሄዳል?" አልኩት።

"ቆራሌው አለ አይደል!"

ቆራሌው! ደሜ ፈላ። የመጨረሻ ሥራዬ ከተቀደደ ባልዲ ጋር ተጭኖ ሲሄድ ታየኝ።

ቅዳሜ ከይጁቤም ከሉማሜም ገበያተኛው ጎረፈ። እኛ ለክብሩ ብለን የሰፈሩን ሽማግሌዎች ጠርተናል። መሪጌታ ይሁኔና ባልንጀራቸው አቶ አዳሙ መግቢያው ላይ እኩል ደረሱ።

"ይቅደሙ" አሉ መሪጌታ፣ አንድ እግራቸውን አስገብተው ሳለ።

"ኧረ እርስዎ ይለፉ!"

"በሥላሴ!"

"በሞቴ! እኔ እርስዎን ቀድሜ?"

ከኋላ ሰው ተሰለፈ። ሽማግሌ አቋርጦ የሚገባ የጎጃም ልጅ ከየት ይመጣል? ወጣቱም ቆመ፣ ተማሪውም ቆመ። ከላይ በቅሎዬም ቆመች። ኃላፊው አንዴ ሰዓቱን፣ አንዴ እኔን ያያል።

መቅደስ ጨነቃት። "አባቶቼ፣ በዕድሜ የሚበልጠው ይቅደም" አለች። አወይ ልጅ! እሳት ላይ ጭድ።

"የሚበልጡትማ እርስዎ ነዎት" አሉ አቶ አዳሙ። "እኔ ስወለድ እርስዎ ዳዊት ይደግሙ ነበር።"

"ማ? እኔ? እርስዎ ሲዳሩ እኔ ገና ፊደል እቆጥር ነበር!"

ዕድሜያቸውን እየቀነሱ ወረዱ። ትንሽ ብንተዋቸው ሁለቱም ሳይወለዱ ይቀሩ ነበር። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔ ግን ቆራሌው ነው የሚታየኝ። በመጨረሻ ኃላፊው ራሱ "ቆይ እኔ ላሳያችሁ" ብሎ መጣ። ሊገባ ሲል አጠገቡ አንዲት አሮጊት አየ። "ይግቡ እናቴ" ብሎ እሱም ተገትሮ ቀረ።

በዚህ መሐል እትዬ ጥሩ የሚባሉ ከቁይ የመጡ ዶሮ ነጋዴ በወዲያ በኩል፣ በመውጫው መጡ። "ምን ያስገትራችኋል? ዶሮዎቼ በፀሐይ ሊያልቁ ነው እኮ!" አሉና ክንዱን በደረታቸው ገፉት። በሩ ዞረ። ሌላው ክንድ መሪጌታን ከወገባቸው አቅፎ ይዟቸው ገባ። እትዬ ጥሩ በወዲህ ወጡ፣ መሪጌታ በወዲያ።

መሪጌታ ጋቢያቸውን አስተካክለው "ማን ቀደመ?" አሉ።

"ማንም!" አሉ አቶ አዳሙ። "እኩል ነው የገባችሁ። እንዲህማ ከሆነ እርስዎ ከዚያ፣ እኔ ከዚህ።"

እኔና መቅደስ ተያየን። እሷ ቀለም ይዛ "መግቢያ" እና "መውጫ" የሚለውን አጠፋች። እኔ ከአጠገባችን ካለው ሱቅ ኤሌክትሪክ ለምኜ ግራይንደሬን አስነሳሁና ሁለቱንም አፍ ለሁለት ሰው ጎን ለጎን እንዲበቃ አሰፋሁ። ሰዉ ቆሞ ጠበቀን።

ከዚያ ሁለቱ ሽማግሌዎች ከሁለት በኩል እኩል ገፉ። ከላይ በቅሎዋ ተንቀሳቀሰች፣ ባጃጁም ተከተላት። መሐል ሲደርሱ ግን ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ቆመው በክንዱ ላይ ሰላምታ ጀመሩ! "ልጆች ደህና ናቸው?" "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከብቱስ?" ከኋላ አንዱ ተማሪ "ኧረ አባቶቼ፣ ከብቱን ውጭ!" ብሎ ጮኸ።

በሩ እስከ ገበያ መፍቻ አልቆመም። ኃላፊው ከአሮጊቷ ማዶ ሆኖ እየገፋ አለፈ። ሲወጣ "ባጃጆቹን ወደ ታች አስጠጋቸዋለሁ" አለኝ። አንገቴን ቀና አድርጌ በቅሎዬን ሳያት እንባዬ መጣ። የመጀመሪያ ቀኔን ታሪክ ስንሠራ ነግሬያት ነበርና መቅደስ አየችኝና "ጋሼ፣ እሳቱን አዩት እንዴ?" አለችኝ። "አዎ፣ አየሁት" አልኳት።

በር ለምትሠሩ ልጆች የምነግራችሁ ይኸው ነው። መግቢያ ስትለኩ የሚያልፈውን ሰው ብቻ አትለኩ። አጠገቡ ቆሞ "ይቅደሙ" የሚለውንም ለኩ።