ለዮናስ ስል የወደቅሁት ፈተና

ባለፈው እሑድ ዮናስ እዚህ በሰው አገር፣ ኡንተርሊደርባህ የሚባል ሰፈር ውስጥ የራሱን ክሊኒክ ከፈተ። ገና ቀለም ቀለም በሚሸተው መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ተጨናንቀን ቆመን ሳለ ብርጭቆውን ይዞ መሀል ገባና ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። «ይቺን ሴት ታዩአታላችሁ? እኔ ዛሬ ሐኪም የተባልኩት እሷ ለእኔ ስትል ስለወደቀች ነው» አለ። ሰው አጨበጨበ። በተማሪነት መጥተው እዚሁ የሸመገሉ አንድ አባት እጄን ይዘው «ተባረኪ ልጄ፤ እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ የት ይገኛል» አሉኝ። «አሜን፣ እርስዎንም ያኑርልን» ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ትሕትና መሰላቸው። ቤቴ ስገባ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ሶፋው ላይ ተዘረርኩ።

ነገሩ የሆነው እንደ ፈረንጆቹ በ2011 ነው። እኔና ዮናስ ውጤታችን በቀጥታ ሕክምና ለመግባት ስላልበቃ፣ መንደርደሪያ ይሆነናል ብለን አንድ የሁለት ዓመት የማስተርስ ትምህርት ጀምረን ነበር። ባዮኬሚስትሪውን፣ ፊዚዮሎጂውን በጥሩ ውጤት ያለፈ ሰው ሕክምና ፋኩልቲ ለማመልከት ተስፋ ይኖረዋል። እኔ ጠዋት ጠዋት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራለሁ። ስድስት ሽማግሌ አጥቤ፣ አልብሼ፣ ቁርስ አጉርሼ ነው ክፍል የምገባው። እጄ ሳሙና ሳሙና እየሸተተ ማስታወሻ እጽፋለሁ።

ከሰዓት በኋላ የምናጠናው ቦከንሃይም ሰፈር፣ በካትሪን ወጥ ቤት ውስጥ ነበር። ካትሪን የገጠር ሐኪም ልጅ ናት፤ የጥናት ቡድናችን አለቃም እሷ ነበረች። በትልቅ ድስት የምስር ሾርባ ትጥዳለች፤ ጾም ሲሆን ለእኔና ለዮናስ ቋሊማው ሳይገባ ቀድማ ትቀዳልናለች። ከሕንፃው ሥር የምድር ባቡሩ ባለፈ ቁጥር ማንኪያዎቹ ይንቀጫቀጫሉ። እኔ ሾርባውን እጠጣና የኩላሊት ምዕራፍ ላይ ጉንጬን አስደግፌ እንቅልፌን እለጥጣለሁ። ስነቃ የሆነ ሰው ጃኬት ደርቦልኝ አገኛለሁ። አንድም ቀን የተናገረኝ የለም። ቢቆጡኝ በስንት ጣዕሙ!

እዚህ አገር ተማሪዎች አንድ ወግ አላቸው። መምህሩ የፈተናውን ወረቀት መልሶ ስለሚሰበስብ፣ እያንዳንዱ ተማሪ አምስት አምስት ጥያቄ ይመደብለታል፤ በቃሉ ይዞ ይወጣና ለመጪው ዓመት ተማሪዎች ይጽፈዋል። ፕሮቶኮል ይሉታል። እኛም ስናጠና የኖርነው በፊት ያለፉት በጻፉልን ነው። ካትሪን ለእኔ ከሠላሳ አንድ እስከ ሠላሳ አምስት፣ ለዮናስ ከዚያ እስከ አርባ ያሉትን መደበች። ችግሩ፣ እኔና ዮናስ የፊዚዮሎጂውን ፈተና አንድ ጊዜ ወድቀነዋል። ሁለተኛ የወደቀ ይሰናበታል።

የካቲት ነበር፤ መንገዱ በረዶና ጭቃ ተደባልቆበት ያንሸራትታል። ዮናስ የፈተናው አዳራሽ በር ላይ ጠበቀኝ። ከንፈሩ ደርቋል።

«እኔ መልሱንም ጥያቄውንም መያዝ አልችልም» አለኝ። «ለካትሪን አንቺ ንገሪልኝ፤ እኔ አፈርኩ።»

«ተወው፣ ያንተን እኔ እይዝልሃለሁ።»

«ለራስሽስ?»

«አንተ ብቻ እለፍ» አልኩት።

ገባንና ወረቀቱን ከኋላው ጀመርኩ። አሥሩን ጥያቄ ከነምርጫው፣ ቃል በቃል በቃሌ ያዝኩ። ከፈተናው በኋላ ካፌ ተቀምጠን የካትሪን ደብተር ላይ አንድ ሳላጎድል ገለበጥኩት። ካትሪን አነበበችና ፊቷ በራ።

«የሚገርም ነው። ሠላሳ ስምንትን ምን ብለሽ መለስሽው?»

«አልመለስኩትም። አብዛኛውን አልመለስኩም።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ለምን ከብዶኛል አላልሽንም? ማን ምን ይልሽ ነበር?»

ይሉኝታ የሚባለውን ነገር ለካትሪን ከየት ጀምሬ ላስረዳት? ለዮናስ ግን ማስረዳት አላስፈለገኝም። የትራም ፌርማታው ላይ ደረስንና ሰው እያየው አለቀሰ። «ለእኔ ብለሽ ነው» አለ። እሱ አለፈ፣ እኔ ተሰናበትኩ። በኋላ ነርስነት ተማርኩ፤ ዛሬ የአንድ ክፍል ኃላፊ ነኝ፤ ክፉ ኑሮ አይደለም። እሱ ግን በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ እየደወለ ያንኑ ቃል ይደግምልኛል፤ እኔም «ተው እንጂ፣ ምን አደረግሁ» እላለሁ።

ምንም አላደረግሁማ። አሥሩን ጥያቄ ይዤ ስጨርስ ሰዓቱን አይቼ ነበር። ከአንድ ሰዓት በላይ ይቀረኛል፤ የራሴን መልስ ለመጻፍ ይበቃኝ ነበር። እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩና በመስኮቱ በረዶው ወደ ዝናብ ሲለወጥ ማየት ጀመርኩ። ደክሞኝ ነበር። የዚያ ቀን ድካም አይደለም፤ ሐኪም መሆን ራሱ ደክሞኝ ነበር። እናቴ አዲስ አበባ ላይ ለሰፈሩ ሁሉ «ልጄ ዶክተር ልትሆን ነው» ብላ ጨርሳለች፤ እንዴት ብዬ በቃኝ ልበላት? ዮናስ ሳያውቀው የሚያስመሰግን ምክንያት ሰጠኝ። ሰው ባልሠራው ደግነት ሲመሰገን መኖሩ ምን ያህል እንደሚከብድ ያወቅሁት ግን እየቆየ ነው።

ትናንት ልነግረው ቆርጬ ክሊኒኩ ደወልኩ። ስልኩን ያነሣችው ኤርትራዊ ቅላጼ ያላት ልጅ ናት።

«ዶክተር ታካሚ ይዘዋል። ቴርሚን ልስጥዎት?»

«ስጪኝ።»

«ምንዎን ነው የሚያምዎት?»

 

«ድካም ብለሽ ጻፊው» አልኳት። «ከቆየ አሥር ዓመት አልፎታል።»

የመጀመሪያው ባዶ ቀጠሮ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው አለች። ተቀበልኩ፤ እስከዚያ ሐሳቤን እንዳልቀይር እፈራለሁ።