እታለም ያላየችው ሕልም

ከጳውሎስ ሆስፒታል ከፍ ብሎ፣ መንገዱ ዳር ላይ አንድ ጎሚስታ ቤት አለ። በዚያ ሳልፍ የሚቃጠል ጎማና የማስቲሽ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ እግሬ ባለበት ይቆማል። አባቴ ጎሚስታ ነበር፣ ይህንኑ ሽታ በልብሱና በፀጉሩ ይዞ ይገባ ነበር። ሰው የልጅነቱ ሽታ ሲመለስበት ናፍቆት ይይዘዋል ይባላል፤ እኔን ግን የሚይዘኝ ሌላ ነገር ነው። ሰባት ዓመት ሞልቶኝ ስምንተኛውን ስይዝ ቤታችን ውስጥ የነበረው ጥላቻ ነው የሚመለስብኝ፣ እናቴ በአክስቴ ላይ የነበራት፣ እኔም ከእናቴ ብሼ በዚያችው ሴት ላይ የነበረኝ ጥላቻ።

የምንኖረው ጉለሌ ነበር፣ ከእንጦጦ የሚወርደው ጎርፍ በክረምት አጥራችንን እየታከከ በሚያልፍበት ዳገት ላይ። በትልቁ ቤት አባቴ፣ እናቴ፣ ወንድሜ ታምራትና እኔ ስንኖር፣ በግቢው ጥግ ባለችው አንዲት ክፍል ደግሞ የአባቴ ታላቅ እህት ትኖር ነበር። በስሟ የሚጠራት አልነበረም፣ ሁሉም «እታለም» ነበር የሚላት። ባሏ ልጅ አልወለድሽልኝም ብሎ ከሰደዳት በኋላ ወንድሟ ዘንድ መጥታ ቀረች፣ ለጎረቤት ጥጥ እየፈተለች ራሷን ችላ ታድር ነበር። በዕድሜ ስለምትበልጣት እናቴ «እርስዎ» እያለች ታከብራት ነበር።

ጠዋት ጠዋት ሕልም የሚነገረው ለእታለም ነበር። አባቴ እንኳ ሥራ ከመሄዱ በፊት በሯ ላይ ቆም ብሎ ያየውን ይነግራት ነበር፣ እሷም «መልካም ይሁን» ብላ ትፈታለት ነበር። ጥሬ ሥጋ ሕመም ነው፣ ጎርፍ የሰው ብዛት ነው፣ የላይኛው ጥርስ ሲወልቅ ወንድ ዘመድ ይሞታል። ይህን ሁላችንም እናውቀው ነበር፣ እሷ ግን ክፉውን በአፏ አታወጣውም፣ «ሕልም እንደ ፈቺው ነው» እያለች ወደ ደጉ ታዞረው ነበር።

ያን ዓመት ታምራት ዐሥራ ሰባት ሞልቶት ነበር። ድሮ ጀርባው ላይ አዝሎኝ ዳገቱን የሚሮጠው ልጅ፣ ድምፁ ጎርንኖ፣ ከሰው ጋር መብላት ትቶ፣ በር ዘግቶ መቀመጥ ጀመረ። አንድ ቀን ፍራሹ ሥር ወረቀት አገኘሁና፣ ማንበብ መቻሌን ላሳየው ብዬ ጮክ ብዬ ፊደሎቹን መቁጠር ስጀምር በጥፊ አጮለኝ። ከዚያ በፊት መትቶኝ አያውቅም ነበር።

«ይህን ለማንም ብትተነፍሺ ምላስሽን ነው የምቆርጠው!»

ወረቀቱን ከእጄ ነጥቆ ሸሚዙ ውስጥ ሸጎጠው። ዛሬ ሳስበው ፈርቶ ነው፤ ያኔ ግን የገባኝ ጥፊው ብቻ ነበር፣ እስኪመሽ ድረስ ምነው በሞተ፣ ምነው በሞተ ስል ዋልኩ።

ሕልሙን ያየሁት ከዚያ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ነው። የላይኛውን ጥርሴን በጣቴ ይዤ ስስበው ምንም ሳያመኝ እጄ ላይ ቀረ። ደም አልነበረውም፣ እኔም ደስ ብሎኝ እስቅ ነበር። ሐምሌ ስለነበር ጠዋቱን ዝናቡ ጣራውን ይደበድበው ነበር፣ እታለም ጉልበቶቿ መሃል አስቀምጣ ፀጉሬን ስትሠራኝ መሳቄን ሳልደብቅ ነገርኳት። ጣቶቿ ፀጉሬ ውስጥ ቀጥ አሉ።

«የላዩን ጥርስ ነው የታቹን?»

«የላዩን።»

«መልካም ይሁን» አለች። «ለማንም አትንገሪው። ለእናትሽም ቢሆን።»

እናቴ ግን ከዝናቡ ለመጠለል በሩ ላይ ቆማ ኖሯል። መጨረሻውን ብቻ ነበር የሰማችው። «ማነው ጥርስ ያለመው?» አለች።

እታለም ቀና ሳትል ሹሩባዬን መጎንጎን ቀጠለችና «እኔ ነኝ» አለች።

«ታዲያ በጠዋት በልጄ ራስ ላይ ያወሩታል? ምነው ቢውጡት!» ብላ እናቴ በጭቃው ውስጥ እየረገጠች ወጣች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የአብዮት ጥበቃዎች መጡ። ሦስት ነበሩ፣ አንደኛው በሠፈሩ የምናውቀው ሰው ነበር። ፍራሹን ገለበጡ፣ ወረቀቱ ግን አልነበረም፣ ታምራት አስቀድሞ አቃጥሎት ነበር። ያም ሆኖ ይዘውት ሄዱ። እናቴ የሚያውቀንን ሰው እጅጌ ይዛ «ልጅ ነው፣ ልጅ ነው እኮ» ስትለው፣ ዓይኗን ሳያይ «ለጥያቄ ነው፣ አሁን ይመለሳል» አላት። ታምራት ሲወጣ ወደኔ ዞር ብሎ አየኝ። ወረቀቱን ተናግራብኛለች ብሎ ያስብ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ነሐሴን ሙሉ እናቴ በየቀኑ ስንቅ ቋጥራ ቀበሌው በር ላይ ትቆም ነበር፣ ሳህኑ ባዶውን ሲመለስላት በላልኝ ብላ ደስ ብሏት ትገባ ነበር። መስከረም ሲጠባ፣ ዳገቱ በአደይ አበባ በተሸፈነበት ሳምንት፣ ሳህኑ እንደሞላ ተመለሰ። በሩ ላይ የነበረው ጠባቂ «ከእንግዲህ አታምጪ» አላት። አስከሬን አልተሰጠንም። ፀረ አብዮት ለተባለ ሰው ማልቀስ አይፈቀድም ነበር፣ ድንኳን መጣልም ጥቁር መልበስም እንደዚያው። ጎረቤቶቻችን ወንፊት የሚዋሱ መስለው እየመጡ፣ የእናቴን እጅ ጨብጠው፣ ወንፊቱን ሳይወስዱ ይሄዱ ነበር። እናቴ አላለቀሰችም። ሳህኑ እንደሞላ የተመለሰ ዕለት ከሰዓት በኋላ ግን ወደ እታለም ክፍል ሄዳ በሩን በእግሯ መታችው።

«አንቺ ነሽ!» አለቻት። እናቴ እታለምን «አንቺ» ስትላት ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። «አፍሽ ነው የበላው! መካን ስለሆንሽ የኔ መውለድ አንገብግቦሽ ነው!»

እታለም እንዝርቷን ይዛ እንደተቀመጠች ቀና ብላ አየቻት፣ ቀጥሎም ከእናቴ ትከሻ ጀርባ ወደቆምኩት ወደኔ። አፌን በእጄ ያዝኩ። ትናገራለች ብዬ ጠበቅሁ፣ እሷ ግን እንዝርቷ ላይ አቀረቀረች።

እናቴ አባቴን አስገድዳ ግቢውን በአሮጌ ቆርቆሮ ለሁለት አስከፈለችው። አባቴ ቆርቆሮውን ሲመታ ማንንም አላየም፣ ከዚያም ወዲህ ከእህቱም ከሚስቱም ፊት እየሸሸ ጎማው ላይ አቀርቅሮ ይውል ነበር። በሁለቱ ሴቶች መሃል የምመላለሰው እኔ ነበርኩ። «ለዚያች ሟርተኛ ንገሪያት፣ እጣቢዋን ወደኔ በኩል እንዳትደፋ» ስባል ሄጄ እነግራት ነበር፣ «ሟርተኛ» የሚለውን ቃል ሳላስቀር፣ አንዳንዴም ከራሴ ጨምሬ። ሳታየኝ ውኃዋ ውስጥ እተፋ ነበር። ምሥጢሬን የምታውቅ ሰው በሕይወት መኖሯ ብቻ ያንገበግበኝ ነበር፣ ስታየኝ ደግሞ ዓይኗ ውስጥ ቁጣ አለመኖሩ ይብስብኝ ነበር።

ኅዳር ሲታጠን፣ እንደ ደንቡ ሠፈሩ ሁሉ ጥራጊውን አውጥቶ ሲያቃጥል፣ እናቴ በእኛ በኩል እሳት አነደደችና ከእታለም የመጣ ነገር ሁሉ ከቤት እንዲወጣ አዘዘች። ለአባቴ የፈተለችለትን ጋቢ፣ ለታምራት ክርስትና የሰጠችውን ትንሽ በርጩማ ወረወረች። እኔ ማንም ሳያዘኝ ሮጬ ሄድኩና እታለም ፀጉሬን የምትሠራበትን የእንጨት ሚዶ ከክፍሏ አምጥቼ እሳቱ ውስጥ ጨመርኩት። በቆርቆሮው ክፍተት በኩል ቆማ ታየኝ ነበር። ጢሱ ወደሷ ዞሮ ሲያስላት እናቴ «ይቃጠል! ክፉው ሁሉ አብሮ ይሂድ!» አለች፣ ፊቷ በእሳቱ ቀልቶ ደስ ያላት ትመስል ነበር።

በጋውን እንዲህ አሳለፍነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ እናቴ ማስቀደስ ብትጀምርም፣ እታለምን ቅጥሩ ውስጥ ካየቻት ሳትሳለም ትመለስ ነበር። ፋሲካ ዕለት አባቴ ቁርጥ ሥጋ በቅጠል ጠቅልሎ ለእህቱ ሊያደርስ ሲነሳ፣ እናቴ በሩ ላይ ቆማ «ከወሰድክላት እዚያው እደር» አለችው። መልሶ አስቀመጠው። ሰው እንዲህ ሊጠላ የሚችለው ምን ያህል ኃይል ቢኖረው ነው እያልኩ እደነቅ ነበር። ያንን ኃይል ከየት እንደምታመጣው የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ልጇን የወሰዱትን ሰዎች ቀበሌ ስብሰባ ላይ በየሳምንቱ ታያቸው ነበር፣ መፈክር ሲባል አብራቸው እጇን ታነሳ ነበር። ያንን ሁሉ ይዛው ስትመጣ ጥጥ ከምትፈትል አንዲት ሴት በቀር የምትጥልበት አልነበራትም።

ሰኔ ሲገባ፣ በአንድ እሑድ ጠዋት፣ ቆሎ ስበላ የላይኛው ጥርሴ ተነቃነቀ። በምላሴ ስነካው ተንቀጠቀጠ። አባቴ ግቢው መሃል ቁጭ ብሎ የመኪና ቸርኬ በመዶሻ ያቃና ነበር። አሁን ደግሞ እሱ ነው አልኩ በልቤ። አፌን በሁለት እጄ ደግፌ፣ ምን እንደማደርግ ሳላውቅ፣ በቆርቆሮው ክፍተት ሾልኬ እታለም ክፍል ገባሁ። ግቢው ከተከፈለ ወዲህ ለክፋት ሳይሆን ስገባ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ያዢልኝ!» አልኳት። «እንዳይወልቅ ያዢልኝ! አባዬ ይሞታል!»

እንዝርቷን ጥላ ተነሳች። አገጬን ይዛ አፌን አስከፈተችና አየች። «የወተት ጥርስ ነው ልጄ» አለችኝ። «መውጫው ደርሶ ነው። ሥሩ አዲስ በቅሎ እየገፋው እኮ ነው።»

«ታምራትንም እኔ ነኝ! እኔ ነኝ ያለምኩት!» ብዬ ጮህኩ። «ስቄያለሁ! እንዲሞትም ፈልጌ ነበር!»

ጩኸቴን ሰምታ የመጣችው እናቴ በሩ ላይ ነበረች። ይህን ጊዜ ሁሉንም ሰምታለች። ትመታኛለች ብዬ ከእታለም ቀሚስ ጀርባ ገባሁ። እናቴ ግን ወደኔ አላየችም።

«ሕልሙ የሷ ነበር?» አለች።

«የሷ ነው» አለች እታለም።

«እያወቅሽ ነው ዓመት ሙሉ ስሰድብሽ ዝም ያልሽው?»

«ምን ላድርግ? የምትጠዪው ሰው አስፈልጎሽ ነበር። ከልጅሽ እኔ እሻላለሁ ብዬ ነው።»

እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ «እኔ አሁንም ዓይንሽን ማየት አልችልም» አለች፣ ድምፏ ግን ተሰንጥቆ ነበር።

«አትይኝ። እሷን ግን እያት።»

ያኔ ነው እናቴ ያለቀሰችው። እንደ ሰው ለቅሶ አልነበረም፣ ከሆዷ የወጣ፣ «ታምራቴ!» የሚል፣ እስከ መንገዱ የሚሰማ ጩኸት ነበር። እታለም ሮጣ አፏን ልትይዛት ሞከረች፣ ከዚያ ግን እጇን መልሳ አብራት መሬት ላይ ተቀመጠች። በመንገዱ ካድሬ ሊያልፍ ይችል ነበር። አባቴ ሰማ። በቆርቆሮው በኩል ሳየው ቆሞ ነበር፣ እንባው በጥላሸት በተለወሰው ፊቱ ላይ እየወረደ ነበር። ወደኛ አልመጣም። መዶሻውን አነሳና ቸርኬውን ባለ በሌለ ኃይሉ ይቀጠቅጠው ጀመር፣ የሚቃና ነገር ሳይኖረው፣ ድምፁ የእናቴን ድምፅ እስኪውጠው ድረስ። ጥቂት ቆይቶ ከጎረቤት ግቢ አንዲት ሴት ሙቀጫ መውቀጥ ጀመረች። ቀጥሎ ከወዲያኛው ግቢ ሌላዋ። እሑድ ነበር፣ በእሑድ የሚወቅጥ ሰው ሠፈራችን ውስጥ አልነበረም። እናቴ እስክትጨርስ ድረስ አላቆሙም።

ከዚያ በኋላ ተዋደዱ ማለት አልችልም። እናቴ እታለምን መልሳ «እርስዎ» ማለት ጀመረች፣ በፋሲካም ሥጋ ላከችላት፣ ቆርቆሮው ግን አልተነሳም። እኔን ስለ ሕልሙ አንድም ቀን አላነሳችብኝም፣ አቅፋም አላጽናናችኝም። እታለም ደርግ ሳይወድቅ አረፈች፣ ለእሷ ድንኳን ተጣለ፣ እናቴም ድምፅዋ እስኪዘጋ አለቀሰችላት፣ ለማን ለማን እንደምታለቅስ የሚያውቅ ያውቅ ነበር።

ዛሬ የዚያ ግቢ ቦታ ላይ ፎቅ ቆሟል። ዛሬ ሰው ሲሞት ድንኳኑ መንገድ ዘግቶ ይጣላል፣ የሚከለክል የለም። እናቴ ያኔ ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነበር። ለእኔ ግን ያለቀላት፣ የማትሰበር ትልቅ ሰው ትመስለኝ ነበር፣ እፈራትም ነበር። አሁን እኔ በዚያን ጊዜ ከነበረችው በሃያ ዓመት እበልጣታለሁ፣ ሳስባት ልጄ ልትሆን የምትችል ወጣት ሴት ነች። እንዲህ ያለች ሴት ዛሬ ደጄ መጥታ በሬን በእግሯ ብትመታው፣ አስገብቼ አስቀምጬ፣ ማን እንደሞተባት እጠይቃት ነበር። ያኔ ግን እሷን እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም።