የቁም ሳጥኑ አጭር እግሮች

አናጢውን በስሙ የሚጠራው የለም፤ «ውሃ ልክ» ነው የሚሉት። ጎረቤት ሊጠይቅ ገብቶ እንኳ ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ዘመም ካለ ጨዋታው አይጥመውም።

ሙያውን ያስተማሩት አባቱ ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና። የከተማው ሙዚየም የድሮ ሠራተኛ መኖሪያ ክፍል ሊያሳይ ሲነሣ፣ አናጢው እሳቸው የሠሩትን ቁም ሳጥን ሰጠ። ክፍሉን እንዲሠራም የተቀጠረው እሱው ነበር።

ቁም ሳጥኑ ወለሉ ላይ ሲቆም ግን ወደ ግራ አጋደለ። ሁለቱ የግራ እግሮች በሁለት ጣት ያጥራሉ። ቤታቸውም ሳለ አናጢው እስከሚያስታውሰው ድረስ ከሥራቸው ጣውላ ተነጥፎለት ነው የኖረው፤ ለምን እንደሆነ መጠየቅ ያፍር ነበር።

«ጋሼ፣ ረጅሞቹን ቆረጥ ብናደርጋቸውስ?» አለች ክፍሉን የነደፈችው ወጣት።

«አይሆንም።»

«እሺ፣ ጣውላ እናንጥፍለት።»

«ጎብኚው፣ የሠራው ሰው መለካት አያውቅም ነበር ይላላ። አባቴ ደግሞ መልስ የሚሰጡበት አፍ የላቸውም።»

እንዲህ ይበል እንጂ፣ እሱም ሆዱ ውስጥ የሚፈራው ይህንኑ ነበር። በምሳ ሰዓት ታላቅ እህቱ ዘንድ ሄደ።

«እትዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። የቁም ሳጥኑ እግሮች ያጠሩት አባባ ሥራ ስለማይችሉ ነው እንዴ?»

እህቱ የምትለቅመውን ምስር ትታ አየችው። «አፍህን ያዝ። እግሮቹ ምን ሆኑ? ወለሉ ነው እንጂ የተበላሸው። የመጀመሪያው ቤታችን እኮ ወደ በሩ ያዘነብል ነበር። አባባ ቤቱን ማቃናት ቢያቅታቸው ዕቃውን ለቤቱ ሠሩለት። አንተ ያኔ ትድህ ነበር። ጥግ አስቀምጬህ ዘወር ካልኩ በሩ ጋ ነው የምለቅምህ።»

አናጢው ሳቀ፤ ሲስቅም ዓይኑ እንባ አቀረረ። ስንት ዓመት ሙሉ አባቱን በልቡ ሲያማ ኖሯል።

ተመልሶ ራሱ ያስተካከለውን ወለል ነቀለ። በግራ በኩል ከፍ፣ ወደ በሩ ዝቅ አድርጎ እንደገና መታው።

«ውሃ ልክ ተብለው ጠማማ ወለል ይሠራሉ?» አለች ወጣቷ።

«ጠማማ አይደለም ልጄ፤ እንደነበረው ነው።»

ቁም ሳጥኑን አቆሙት። ውሃ ልኩን አናቱ ላይ ሲያኖረው አረፋዋ መሀል መጥታ ቀጥ አለች። አናጢው ቆቡን አውልቆ አምላኩን አመሰገነ፤ ቀጥሎም አባቱን ይቅርታ ጠየቀ።

ወጣቷ የተቀረውን ክፍል በጥርጣሬ ትመለከት ጀመር። «ሌላስ ሳናውቅ ያቃናነው ነገር ይኖር ይሆን?»

«እሱን እህቴ ናት የምታውቀው» አላት።

በማግስቱ እህቱ መጣች። በሩ ላይ ቆማ ክፍሉን ዙሪያውን ቃኘችው።

«ይሄ ጠረጴዛ ከየት መጣ? አልጋ ላይ ተቀምጠን ነበር እኮ የምንበላው።»

ወጣቷ ማስታወሻዋን ገለጠች፤ አናጢው ደግሞ ጠረጴዛውን ተሸክሞ ወጣ።