ባለጀልባዋ ልጅና የካሳራኒው ቤታችን

ናይሮቢ የገባን ሰሞን እናቴ ወደ ሥራ ስትሄድ በሩን ከውጭ በጓጉንቸር ትቆልፍብኝ ነበር። ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። የምንኖረው ካሳራኒ፣ የአንድ ፎቅ የመጨረሻው ወለል ላይ በተከራየናት ጠባብ ቤት ነበር። እሷ ኪሊማኒ በሚገኝ የሐበሻ ምግብ ቤት ወጥ ትሠራለች። ገና ሳይነጋ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ሄዳ ሲመሽ ትመለሳለች። የስደተኛ ወረቀታችን አላለቀልንም። ፖሊስ ሰፈሩን ሲያስስ ጓጉንቸር የተንጠለጠለበትን በር አያንኳኳም ብለው የመከሯት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናቸው። ምክሩን እንደ እግዚአብሔር ቃል ያዘችው።

ቀኑን ሙሉ ድምፅ ማሰማት አልችልም። ወለሉ ላይ በካልሲ እሄዳለሁ፣ ውሃ የምከፍተው በቀጭኑ ነው፣ ሰው ቢጣራ አልመልስም። ከጊዜ በኋላ የጎረቤቶቻችንን መልክ ሳላውቅ በኮቴያቸው ለየኋቸው። እያንዳንዱ ኮቴ ወደ በራችን ሲቀርብ ትንፋሼን እይዛለሁ፤ ሲያልፍ እተነፍሳለሁ። እንዲህ ሲደረግ ይመሻል።

የወጥ ቤታችን መስኮት ወደ ኮሪደሩ የሚከፈት፣ የብረት ፍርግርግ ያለው ነበር። ፊት ለፊታችን የምትኖረው ኬንያዊት ነርስ የሌሊት ተረኛ ስለሆነች ከሰዓት በኋላ ቤቷ ናት። አንድ ቀን ኩባያ ሳጥብ ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ወዲያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ኮቴዋ ወደ ቤቷ ሲመለስ ሰማሁ። በማግሥቱ ግን በፍርግርጉ መሐል አንድ መጽሐፍ ሾልኮ እቃ ማጠቢያው ውስጥ ወደቀ። ጀርባው በፕላስተር የተለጠፈ አሮጌ መጽሐፍ ነው። ነርሷ ለእኔ እንዲገባኝ ቀስ እያለች፣ በእንግሊዝኛ፣ በልጅነቷ ያነበበችው መሆኑን፣ ልጆቿም አንብበውት እንዳደጉ ነገረችኝ። እኔ ከመስኮቱ ሥር ተኮራምቼ አዳመጥኳት።

ታሪኩ አክስቷ ቤት ስለምትኖር ልጅ ነው። ልጅቷ የሚያፈስ ጀልባ ታገኝና ውሻዋን አስከትላ ወንዙን ይዛ ትወርዳለች። ዛፍ ላይ ታድራለች፣ ፀጉሯን በዓሣ ቢላ ትቆርጣለች፣ ከትልልቅ ሰዎች ጋር እንደ እኩያ ትከራከራለች። የትምህርት ቤት እንግሊዝኛዬ ስለማይበቃ ግማሹን በግምት ነበር የምረዳው።

እናቴ መጽሐፉን ስታይ ክው አለች። «ታዲያ አይታሻለች ማለት ነው» አለችና መስኮቱን በጨርቅ ሸፈነችው። ፍርግርጉ የሚያስገባው ብርሃንም በዚያው ቀረ። መጽሐፉን ግን አልወሰደችብኝም። ከእራት በኋላ እግሯን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክራ ምን እንደሚል ጠየቀችኝ። ወደ አማርኛ እያዞርኩ እተርክላት ጀመር።

መጀመሪያ ልጅቷን አልወደደቻትም። ሃይ ባይ የላትም እንዴ፣ ማን ያበስልላታል እያለች ታማርራለች። ስለዚህ የማትወደውን ክፍል መዝለል ጀመርኩ። አንድ ምሽት አስቆመችኝ።

«ዘለልሽ። እንደተጻፈው ንገሪኝ።»

ልጅቷ ከቤት የወጣችው አክስቷ ዓይኗን ጨፍና ስትጸልይ በመስኮት ሾልካ መሆኑን ነገርኳት። እናቴ አፏን በመዳፏ አፍና መሳቅ ጀመረች። ከአገር ከወጣን ወዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ «የት ደረሰች?» ማለት ልማዷ ሆነ። ልጅቷ ድልድይ ጠባቂው ከየት እንደመጣች ሲጠይቃት፣ ከላይ መጥታ ወደ ታች እንደምትሄድ ብቻ ነግራው መቅዘፏን የቀጠለችበትን ቦታ ደግማ ደጋግማ አስነበበችኝ።

«ወረቀት አልጠየቃትም?» አለች።

«አልጠየቃትም፣ እማዬ።»

ቀን ቀን ግን መጽሐፉን እየጠላሁት መጣሁ። ልጅቷ ወንዝ ዳር ዓሣ ትጠብሳለች፤ እኔ ጨርቅ የተጋረደበት መስኮት ሥር ቁጭ ብዬ የደረቀ ዳቦ በሻይ እበላለሁ። በመጨረሻ አልጋ ሥር ወረወርኩት። እናቴ ስትጠይቀኝ ራሴን አሞኛል አልኳት።

በዚያው ሳምንት ከታች ባለው ቤት ከከሰል ምድጃ የተነሣ እሳት ፍራሽ ያዘ። ጭሱ በደረጃው ወጥቶ በበራችን ሥር መግባት ጀመረ። ሰው ይሮጣል፣ ልጆች ያለቅሳሉ። እኔ የተነገረኝን አደረግሁ፤ ዝም አልኩ። እርጥብ ፎጣ አፍንጫዬ ላይ አድርጌ ጥግ ያዝኩ። ልጮህ ብፈልግም ድምፄ እንቢ አለ። ያን ጊዜ የነርሷ ድምፅ በመስኮቱ በኩል መጣ።

«እዚያ እንዳለሽ አውቃለሁ። መልሺልኝ።»

በኮሪደሩ ከሰማሁት ስዋሂሊ አንዲት ቃል መጣችልኝ። «ኒኮ» አልኩ፤ አለሁ ማለት ነው። ነርሷና የፎቁ ዘበኛ ጓጉንቸሩን በብረት ሰብረው አወጡኝ። ግቢው ውስጥ ፀሐዩ ዓይኔን ወጋኝ። አሁን ፖሊስ ይይዘኛል ብዬ ፊቴን ሸፈንኩ። የጠየቀኝ ግን አልነበረም፤ ሁሉም በባልዲ ውሃ ያመላልስ ነበር።

እናቴ ስትመለስ የተሰበረውን ጓጉንቸር ስታይ ፖሊስ የወሰደኝ መሰላት፤ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ነርሷ ከቤቷ እኔን አስከትላ ወጣችና እኔ እያስተረጎምኩ ተናገረቻት፤ ከፖሊስ ልትደብቂያት ስትይ ልታጪያት ነበር አለቻት። እናቴ ወደ እኔ ዞረች።

«ንገሪያት» አለች፣ «ሌላ የማውቀው መንገድ አልነበረኝም።»

ነገርኳት። ነርሷም አጠገቧ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

እናቴ ሌላ ጓጉንቸር አልገዛችም፤ የበሩን ቁልፍ ለእኔ ሰጠችኝ። እኔ ግን ለብዙ ጊዜ አልወጣሁም። በሩን ከፍቼ ደፉ ላይ እቆምና ኮቴ ስሰማ እዘጋዋለሁ። ኋላ ነርሷ ወረቀታችን እስኪያልቅ የሚቀበለኝ ትምህርት ቤት አፈላልጋ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። ወረቀቱ የደረሰልን ከብዙ ምልልስ በኋላ ነው።

አሁን አድጌ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያናችን ለሚመጡ ልጆች አማርኛ አስተምራለሁ። ያንኑ የባለጀልባዋን ልጅ ታሪክ እተርክላቸዋለሁ። ይህን ታሪክ የሚወድ እንደ እኔ የተቆለፈበት ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር። ከልጆቹ አንዷ ሩንዳ ከሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ነው የምትመጣው። ቤታቸው ሰፊ ነው፣ አጥሩ የኤሌክትሪክ ሽቦ አለው፤ ከግቢ ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ክፍል ትሄዳለች እንጂ መንገድ ላይ በእግሯ ሄዳ አታውቅም። ባለፈው ቅዳሜ እናቷ ውጭ ሆና ክላክስ ስታደርግ አልነሣም አለች።

«ቲቸር፣ ባለጀልባዋን ልጅ ማንም ፒክ አያደርጋትም?» አለችኝ።

«ማንም መጥቶ አይወስዳትም» አልኳት።

ቦርሳዋን መልሳ መሬት አስቀመጠችና እንድቀጥል ጠየቀችኝ። ክላክሱ ደግሞ ጮኸ። እኔም ቀጠልኩ።