ከረሜላ የማይገባበት ቤት

ባሌ ስኳር እንዳለበት ከታወቀ ወዲህ የቤታችን ፖሊስ እኔ ነኝ። ማንም አልሾመኝም፣ ራሴን ሾሜ ነው። ቁም ሳጥኑን እፈትሻለሁ፣ የመኪናውን ወንበር ሥር እዳብሳለሁ፣ ከሥራ ሲገባ ጉንጩን ከመሳሜ በፊት አፉን አሸታለሁ። "ኤርፖርት ያለው ውሻ እንኳ እንዲህ አያሸትም" እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ። በበጋ አንድ ቀን መኪናውን ሳጸዳ ከወንበሩ ሥር የቸኮሌት ወረቀት አግኝቼ ስጠይቀው "እሱ የድሮ ነው" አለኝ። ሞኝህን ፈልግ አልኩት፤ ወረቀቱ ላይ የቀረው ቸኮሌት ገና ጣት ይይዝ ነበር። ትንሽ ተከራክሮ በመጨረሻ አመነ። ዳግመኛ እንደማይዋሸኝ ቃል ገባልኝ፣ እኔም ይቅር አልኩት። ግን እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና ከዚያ በኋላ ወረቀት በተንኮሻኮሸ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይላል።

ነገሩ ከጤናም ያለፈ ነው። ባሌ የስኩል ባስ ሹፌር ነው። ሹፌር ደግሞ በየጊዜው ሐኪም ዘንድ ቀርቦ ፊዚካል ማለፍ አለበት፤ ግፊቱ ይለካል፣ ሽንቱ ይመረመራል። ባለፈው ሽንቱ ውስጥ ስኳር ተገኝቶ ሐኪሟ በብዙ ልመና ነው የፈረመችለት። "እንደዚህ ሆነህ ከተመለስክ አልፈርምም" ብላዋለች። ካልፈረመች ባሱን መንዳት የለም።

ይሄ ሰው እዚህ አሜሪካ ያልሠራው ሥራ የለም። ፓርኪንግ ጠብቋል፣ ታክሲ ነድቷል፣ ፍሪድሊ በሚባል ከተማ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ቆሞ አድሯል። ስለ አንዱም ሥራ እቤት መጥቶ ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም። ስለ ባሱ ግን ራት እስኪቀዘቅዝ ያወራል። ልጆቹን የሚጠራቸው በፌርማታቸው ነው። "የሦስተኛዋ ፌርማታ ልጅ ጥርሷ ወለቀ" ይለኛል፣ እኔ የወለድኳት ይመስል። ባሱን ቢወስዱበት ምን እንደሚሆን አውቅ ስለነበር ነው ፖሊስ የሆንኩት።

እንግዲህ ዘንድሮ ሃሎዊን፣ ልጆች ልዕልትና አውሬ መስለው በየቤቱ እያንኳኩ ከረሜላ የሚለምኑበት በዓል፣ ዓርብ ዋለ፤ የፊዚካሉ ቀጠሮ ደግሞ በቀጣዩ ሳምንት ማክሰኞ ሆነ። ሌላ ቀን ጠፍቶ ነው ወይ አልኩ። አገሩ ሁሉ ከረሜላ በሚያዘንብበት ሰሞን የባሌን ሽንት ሊመረምሩ።

እኛ ሃሎዊንን አናከብርም። የምንሄድበት የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን በዚያ ምሽት ለልጆች የራሷ ፕሮግራም አላት፤ መዝሙር አለ፣ ጨዋታ አለ፣ መጨረሻ ላይ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ፌስታል ከረሜላ ይታደላል። በዓሉን ከደጅ ስናባርረው ከረሜላው በጓሮ ይገባል ማለት ነው። ልጃችን ካደገች ወዲህ ግን ኢገን ከተማ ባለው ቤታችን የበረንዳውን መብራት አጥፍተን፣ መጋረጃ ዘግተን ነበር ያን ምሽት የምናሳልፈው። መብራት የጠፋበት ቤት አይንኳኳም፤ የሰፈሩ ደንብ ነው።

ያለፈው ዓመት ግን ተንኳኳ። ሳሎን ጨለማ ውስጥ ተቀምጠናል። አንዲት ትንሽ ልጅ በር ላይ ሆና "ይሄ እኮ የባስ ሹፌሬ ቤት ነው። መኪናው ይኸው፤ ውስጥ አለ" ስትል ሰማናት። እናቷ መብራቱ ጠፍቷል፣ እንሂድ አለቻት። ልጅቷ "ምናልባት አልሰማን ይሆናል" ብላ ደግማ አንኳኳች። ባሌ ብድግ ሊል ሲል እጁን ያዝኩት። ቆይተው ሄዱ። ድምፅዋን ለይቶታል፤ የሦስተኛዋ ፌርማታ ልጅ ነበረች። ያን ቀን ራቱን አልበላም። "በየጠዋቱ ደህና አደርሽ የምላት ልጅ ናት፤ እንደ ሌባ ተደበቅኋት" አለኝ።

ስለዚህ ዘንድሮ ገና ቅጠሉ ሳይረግፍ "በሩን እከፍታለሁ" ብሎ ቁርጡን ነገረኝ። እኔም ያለፈው ዓመት ነገር ከንክኖኝ ነበርና አልተከራከርኩም።

"ክፈት" አልኩት። "ግን ከረሜላ የሚባል ነገር እዚህ ቤት አይገባም።"

"ታዲያ ምን ልስጣቸው? ምክር?"

ነገሩ ቀልድ ይመስል ነበር፤ ስገባበት ግን ራስ ምታት ሆነ። መጀመሪያ ዳቦ ቆሎ ልሥራ አልኩ። ሃይስኩል የገባችው ልጃችን ከሶፋው ቀና ሳትል "ማሚ፣ ኖ" አለች። እኔ በአማርኛ ነው የማናግራት፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፤ እንዲሁ ተግባብተን እንኖራለን። ፋብሪካ ያላሸገውን ነገር ወላጆቹ ወዲያው ይጥሉታል አለች። ሙዝስ? ከባልዲያቸው ሥር ይጨፈለቃል። እርሳስስ? እርሳስ የሚሰጠው የጥርስ ሐኪም ነው። አባትየው ፈራ ተባ እያለ ከቤተ ክርስቲያን የሚታደል የወንጌል ትራክት እንዳለ ሲያነሳ ልጅቱ ትራሱን ፊቷ ላይ ደፋችው። ከትራሱ ሥር ሆና "ቤታችን ላይ እንቁላል ነው የሚወረውሩት" አለች።

"ይወርውሩ" አልኩ። "እንቁላል ስኳር የለውም።"

መላው የተገኘው ሥራ ቦታ ነው። እኔ የምሠራው ኤደን ፕሬሪ ከተማ፣ መጋዘን ውስጥ፣ ቀዝቃዛው ክፍል ነው። እዚያ ሁላችንም ጓንታችን ውስጥ ትንሽዬ የእጅ ማሞቂያ እንከታለን። ሻይ ከረጢት የምታክል ነገር ናት፤ ከማሸጊያዋ አውጥተው ሲነቀንቋት ትሞቅና ሺፍቱ እስኪያልቅ ሙቀቷ ይቆያል። አንዷን ስነቀንቅ ድንገት እነዚያ ልጆች ትዝ አሉኝ። የሚኒሶታን የጥቅምት ማለቂያ ብርድ ማን ያጣዋል? ልዕልቷ ቀሚሷ ላይ ወፍራም ጃኬት ትደርባለች፣ ጃኬት አልለብስም ያለው ደግሞ ከንፈሩ ጠቁሮ በየቤቱ ይዞራል። በዚያው ቀን ከሥራ ስወጣ ቀጥታ ወደ ሱቅ ድራይቭ አድርጌ በካርቶን ገዛሁ። ልጄ አየችው፣ ዝም አለች። ዝም ካለች አልጠላችውም ማለት ነው። ቆይታ እንደውም በየማሸጊያው ላይ "የሚበላ አይደለም" የሚል ወረቀት ለጠፈችበት፤ የሕፃናቱ ለወላጆቻቸው ይሰጥ ብላም አስጠነቀቀችን።

ዓርብ ማታ በረዶ ጣለ። ባሌ መብራቱን አብርቶ፣ የሥራ ጃኬቱን ለብሶ በሩ ላይ ቆመ። እኔ ከኋላው ካርቶኑን ይዣለሁ። ያስገረመኝ ነገር፣ ጭምብል ያደረጉትን ልጆች ሁሉ ያውቃቸዋል። እንዴት ለየሃቸው ብዬ ስጠይቀው "በጫማቸው" አለኝ። ለካ የባሱ ደረጃ እንዳያንሸራትታቸው ሲወጡም ሲወርዱም ዓይኑ እግራቸው ላይ ነው። "አንተ ሐምራዊ ቦቲ፣ የመጀመሪያው ፌርማታ" ሲለው ዘንዶ የሆነው ልጅ ጭምብሉን አውልቆ አፈጠጠበት።

የመጀመሪያዎቹ ልጆች ማሞቂያውን አገላብጠው አዩና እርስ በርስ ተያዩ። ይኸው አዋረድኩት አልኩ በልቤ። ባሌ ግን ጎንበስ ብሎ አንዱን ከፈተና ነቅንቆ ፔንግዊን በሆነች አንዲት ልጅ መዳፍ ላይ አኖረላት። ልጅቷ የፊት ጥርስ የላትም። ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ ሁለቱን እጆቿን ገጥማ ጉንጯ ላይ አስጠጋችው። የሦስተኛዋ ፌርማታ ልጅ መሆኗን ማንም አልነገረኝም። "ዘንድሮ ሰማኸን" አለችው።

"ሰማኋችሁ" አላት።

ከዚያ በኋላ ወሬው በሰፈሩ ዞረ መሰለኝ፣ ልጅ ብቻ ሳይሆን ወላጅም መምጣት ጀመረ። "ለእኛም አለ?" ይላሉ እጃቸውን እያሻሹ። አፍራ ፎቅ ላይ የተደበቀችው ልጃችን ወርዳ እኔን ገፋ አድርጋ ቦታዬን ወሰደች። ካርቶኑ ሲያልቅ መብራቱን አጠፋን፤ ቤታችን ውስጥ አንዲት ከረሜላ አልነበረችም። እኔም ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ሰኞ ማታ ባሌ ሻወር ሲገባ የሥራ ጃኬቱን ልጠብ ብዬ ኪሱ ውስጥ እጄን ሰደድኩ። ተንኮሻኮሸ። ቀዩ፣ ቢጫው፣ ብርማው፣ የተጨማደደ የከረሜላ ወረቀት እፍኝ ሙሉ ነበር። ሌላኛው ኪስም እንዲሁ። ሁሉንም አውጥቼ ማጠቢያው ላይ ከመርኩት። በማግስቱ ነው እኮ ፊዚካሉ። ለሰው ልጅ ተብሎ እንኳ ከረሜላ ቤት እንዳይገባ ያን ሁሉ ስባዝን፣ እሱ ባሱን ከረሜላ ቤት አድርጎታል። ቃል የገባልኝስ?

ልጮህበት ወደ ሻወሩ በር ሄድኩና እጄ እጀታው ላይ ሳለ ቆምኩ። ብጣላው ግፊቱ ይጨምራል። ነገ ደግሞ ግፊቱን ይለካሉ። ስኳሩን ቢያልፍ እንኳ በእኔ ጩኸት ሊወድቅ ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባል የለ፤ አንዴ ከጀመርኩ ደግሞ እኔ በአጭር የምቆም ሴት አይደለሁም። ወረቀቱን ሁሉ ፌስታል ውስጥ ከትቼ ቦርሳዬ ውስጥ ቀበርኩት።

እንደዚያ ቀን ምሽት ጥሩ ሚስት ሆኜ አላውቅም። ሰላጣውን ከተፍኩለት፣ ትከሻውን አሸሁለት፣ ስለ ባሱ ሲያወራ ራሴን እየነቀነቅሁ ሰማሁት። ውስጤ ግን እንደ ሽሮ እየተንተከተከ ነው። ልጄ ትኩር ብላ አየችኝና "ማሚ፣ ፈገግታሽ ያስፈራል" አለችኝ በእንግሊዝኛዋ። ባሌም አልጋ ላይ ሆኖ "ሐኪሟ ለብቻሽ የነገረችሽ ነገር አለ እንዴ?" ብሎ ጠየቀኝ። "ተኛ የኔ ጌታ" አልኩት። ጥርሴን ነክሼ ነው ያልኩት።

ጠዋት ክሊኒኩ ድረስ የነዳሁት እኔ ነኝ። እሱ ሲገባ እንግዳ መቀበያው ውስጥ ቁጭ ብዬ ጸለይኩ። ጌታ ሆይ፣ ይሄን ሰው አሳልፈው፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ለእኔ ተውልኝ አልኩ። እንዲህ ያለ ጸሎት ይሰማ አይሰማ አላውቅም፣ ግን ከልቤ ነበር። ስንት ጊዜ በሩ ተከፍቶ ሌላ ሰው ወጣ። በመጨረሻ እሱ ወጣ። ፊቱን አይቼ ምንም ሳይናገር አወቅሁ።

"ፈረመች" አለኝ። "ለዓመት። ሽንቴ ንጹሕ ነው አለች።"

እፎይ። ከሳምንታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አየር ሆዴ ድረስ ገባ። እንባዬ መጣና እዚያው ሰው ፊት አቀፍኩት። ከዚያ መኪና ውስጥ ገብተን በሩ እንደተዘጋ ፌስታሉን አውጥቼ ጭኑ ላይ ዘረገፍኩት።

"አሁን ተናገር።"

ወረቀቶቹን አየ፣ እኔን አየ። "ትናንት ማታ ነው ያገኘሽው? እና እያወቅሽ ነው ትከሻዬን ያሸሽው?" ሳቁ መጣ። እኔ አልሳቅሁም። "የልጆቹ ነው" አለ። "ከሃሎዊን በኋላ ባለው ሰኞ ባሱ ውስጥ ሁሉም ይበላል። ወለል ላይ ከሚጥሉት ብዬ ሲወርዱ እቀበላቸዋለሁ።"

"ቆሻሻ መጣያ የለውም ባሱ?"

"አለው። ሞልቶ ነበር።"

እውነት ሊሆን ይችላል። "እሱ የድሮ ነው" ያለኝም ቀን እውነት ሊሆን ይችል ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አልኩት። ሳቁ ጠፋ። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ወደ ፌስታሉ መለሳቸው፤ ሲከፋው እጁ ይዘገያል። ቀጥሎ ከሸሚዙ ደረት ኪስ ያልተከፈተች አንዲት ካራሜል አወጣ።

"ይቺ ያንቺ ናት" አለኝ። "የሦስተኛዋ ፌርማታ ልጅ ናት የላከችልሽ። ማሞቂያውን ማን ገዛው ስትለኝ ሚስቴ ናት አልኳት። ማታ ልሰጥሽ ነበር፣ ግን እንደዚያ ፈገግ ስትይ ፈራሁሽ።"

ካራሜሏን ተቀብዬ አገላበጥኳት። ማሸጊያዋ አልተነካም። ባሌ ደግሞ ከከረሜላ ሁሉ አብልጦ የሚወደው ካራሜል ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሳይከፍት አሳድሯል።

"በይ ቦታ ቀይሪኝ፤ ፈቃዴ ታድሷል፣ እኔ ልንዳ" አለኝ። ተቀያየርን። ከፓርኪንጉ ወጥተን አውራ ጎዳናው ውስጥ ስንገባ "ብይው እንጂ፣ ሰው ሲበላ ማየትም ተከለከልኩ?" አለኝ። ከፈትኩና አፌ ውስጥ ከተትኳት። ጣፈጠኝ፤ ወረቀቷ እጄ ላይ ቀረች።

እሱ ወሬውን ቀጥሏል። በረዶው እንደሚቀጥል፣ የአምስተኛው ፌርማታ መታጠፊያ አሸዋ እንዳልተደፋበት ይነግረኛል። ዓይኑ መንገዱ ላይ ነው። እያወራ ቀኝ እጁን ከመሪው ላይ አነሳና መዳፉን ወደ እኔ ዘረጋ። እንደዘረጋው ራሱም አላወቀም። መጀመሪያ ምን ፈልጎ እንደሆነ አልገባኝም። ከዚያ ወረቀቷን መዳፉ ላይ አኖርኳት። ጭብጥ አደረጋትና፣ ወሬውንም ሳያቋርጥ፣ ትናንት ማታ እኔ ባዶ ባደረግሁት የሥራ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከተታት።