ትንፍሽ አትበይ

ታላቅ እህቴን መናኸሪያው ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። ሾፌሩም፣ ተሸካሚውም፣ ሎሚ ሻጯም ጥሩምባ ነው የሚሏት፤ እሷም አቤት ትላለች። ሥራዋ አውቶቡስ መጥራት ነው። የትኛው መኪና ወዴት እንደሚሄድ፣ በየትኛው በር እንደሚጫን፣ ማን ዕቃውን ረስቶ እንደወረደ ከትንሿ የቆርቆሮ ክፍል ሆና ታውጃለች። ማይክሮፎኑ ከተበላሸ ቆይቷል። ኃላፊው «ነገ ይሠራል» ባለ ቁጥር እሷ በባዶ ጉሮሮዋ ከሞተር ጋር ስትፎካከር ከረመች። የሱ ነገ መቼም አይነጋም።

መጀመሪያ ድምፅዋ ጠዋት ጠዋት ይሻክር ጀመር። ቀጥሎ መሃል ላይ እየተቆረጠ አስቸገራት። አንድ ቀን ከናካቴው ጠፋ፤ አፏን ስትከፍት የወጣው አየር ብቻ ነበር። ያኔ ነው እየጎተትኩ ሐኪም ቤት የወሰድኳት።

ሐኪሟ ጠና ያለች፣ ቀልድ የማታውቅ ሴት ናት። ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በእህቴ አፍንጫ አስገብታ ማንቁርቷን በቴሌቪዥን አሳየችን። እዚያ ውስጥ ሁለት ነጫጭ፣ ስስ ጅማቶች አሉ። ስንተነፍስ ይከፈታሉ። ስንናገር ይገጥማሉ፤ ከሳንባ የሚመጣው ትንፋሽ በመሃላቸው ለማለፍ ሲታገል ይንቀጠቀጣሉ፣ በሴት ልጅ በሰከንድ ሁለት መቶ ጊዜ ያህል። ድምፅ የምንለው ይኸው ነው። የእህቴ ጅማቶች ግን መግጠም አቅቷቸዋል። በአንደኛው ጠርዝ ላይ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል እባጭ ጉብ ብላለች።

«ድምፅ እንዳታወጪ» አለቻት ሐኪሟ። «ወር ሲሞላ ትመጫለሽ። ከቀነሰች ጥሩ፤ ካልቀነሰች ቆርጠን ማውጣት ነው። ከዚያ በኋላ የቀድሞው ድምፅሽ ይመለሳል ብዬ ግን ቃል አልገባልሽም።»

እህቴ ለሥራዋ ብቻ የፈራች መስሎኝ ነበር። ቤት ስንደርስ ነው የገባኝ። የእናታችን ዓይን ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል፤ እኛን የምታውቀን በድምፃችን ነው። በር ሲንኳኳ «ማነው?» ትላለች። «እኔ ነኝ» ከተባለች በቃ፣ ፊታችንን አየች ማለት ነው።

እኔም ዘበኛ ሆንኩ። ጎረቤት እንዳያናግራት በሩ ላይ ተገተርኩ። ስልኳን ቀማኋት። ጉሮሮዋን ልትጠርግ ስትቃጣ አፈጠጥኩባት። እህቴም እንደታዘዘችው ድምፅ አላወጣችም። ለእማዬ ብቻ ጠዋት ጠዋት ጆሮዋ ሥር ገብታ «አለሁ፣ እማዬ፣ አለሁ» እያለች ታንሾካሹክላታለች። ሹክሹክታ ደግሞ ምን ድምፅ አለው!

ወሩ ሞላና ሄድን። ሐኪሟ ቱቦውን አስገብታ ቴሌቪዥኑን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ። ጅማቶቹ ቀልተዋል፣ እባጯም ብሶባታል።

«አውርተሻል» አለች።

እህቴ ራሷን በእምቢታ ወዘወዘች። እኔ ቱግ አልኩ።

«ኧረ ዶክተር፣ ምን ማለትዎ ነው? ድምፅ የሚባል ነገር ከአፏ አልወጣም! ሲጨንቃት እንኳ በሹክሹክታ ነው።»

ሐኪሟ ቀና አለች። «በሹክሹክታ?»

ከዚያ አስረዳችን። ስናንሾካሹክ ጅማቶቹ አያርፉም። ሳይገጥሙ ተወጥረው ይቆማሉ፣ ትንፋሹም በመሃላቸው እየፋቀ ያልፋል። ለታመመ ጉሮሮ ከጩኸት እምብዛም አይሻልም።

«ታዲያ ድምፅ እንዳታወጪ አሉ እንጂ ትንፍሽ እንዳትይ መቼ አሉን?» አልኳት። ደሜ ፈልቷል፤ እህቴ አጠገቤ ባትኖር ኖሮ ሐኪሟን አንቄ የምይዛት ይመስለኛል።

ሐኪሟ ጓንቷን አወለቀች። «እውነትሽን ነው፣ እንደሱ ማለት ነበረብኝ» አለችና ወደ እህቴ ዞረች። «ትንፍሽ አትበይ። አሁን ገባሽ? ሁለት ሳምንት እጨምርልሻለሁ። ከዚያ ወዲያ ቢላ ነው።»

ያ ሁለት ሳምንት እንዴት እንዳለፈ እኔ ነኝ የማውቀው። እማዬ አልጋዋ ላይ ሆና ትጣራለች።

«አለሽ?»

መልስ የለም።

«አንቺ ልጅ፣ አለሽ ወይ? ሞታ ነው የደበቃችሁኝ!»

እኔ ብምል ብገዘት አታምነኝም። እህቴ እዚያው አጠገቧ ከንፈሯን ነክሳ ተቀምጣ እንባዋ ይወርዳል። በመጨረሻ አንድ መላ ዘየደች፤ የእማዬን ትንሽ ጣት ይዛ ሁለት ጊዜ ቆንጠጥ ታደርጋታለች። አለሁ ማለቷ ነው። እማዬ መጀመሪያ እኔ የቆነጠጥኳት መስሏት «እጅሽ ይቆረጥ!» ብላ ሰደበችኝ። እያደር ግን ጣቷን ራሷ መዘርጋት ጀመረች። ቢሆንም ልቧ አላረፈም፤ ቆንጣጭ ማንም ሊሆን ይችላል።

ቀኑ ደርሶ ሄድን። ቱቦው ገባ።

«ኢ በይ» አለች ሐኪሟ።

እህቴ አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣም። መናኸሪያ ሙሉ ሰው የምታስደነግጥ ሴት አንዲት «ኢ» ፈርታ እጄን ጨምድዳ ይዛለች።

«በይ እንጂ፣ የኔ እህት።»

ቴሌቪዥኑ ላይ ጅማቶቹ ተቃረቡ። ገጠሙ። ተንቀጠቀጡ። እባጯ የለችም ማለት ይቻላል። ክፍሉ ውስጥ ቀጭን፣ ሻካራ ድምፅ ተሰማ። የእህቴ አልመሰለኝም።

«ቢላው ቀርቷል» አለች ሐኪሟ። «ድምፁ ግን የድሮው ይሁን አይሁን፣ እያደር ነው የሚታወቀው።»

ቤት ደርሰን በሩን አንኳኳን።

«ማነው?» አለች እማዬ ከውስጥ።

እህቴ ጉሮሮዋን ሳትጠርግ፣ በዝግታ፣ «እኔ ነኝ» አለች።

«ማን ልበል?» አለች እማዬ፣ ለእንግዳ እንደሚባለው።

እህቴ በቁሟ ደርቃ ቀረች። እኔ ልናገር ስል በእጇ ከለከለችኝ። ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ያችን ትንሽ ጣት ይዛ ሁለት ጊዜ ቆነጠጠች።

እማዬ እጇን ሰደደች። የእህቴን ጉሮሮ ዳብሳ መዳፏን እዚያው አሳረፈች።

«ተናገሪ» አለቻት። «ደግመሽ ተናገሪ፤ ልልመደው።»